አብጠርጥሮ ማንበብ እንዴት ይሠራል?

ከዚህ በታች ያለውን አንቀጽ አንዲት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ፊት አስቀምጡት። የጻፍኩት እኔው ነኝ፤ ከመማሪያ መጽሐፍ የተቀዳ እንዲመስል ሆን ብዬ አድርቄዋለሁ። ፍሬ ነገሩ ግን እውነት ነው።

«ከፍታ ሲጨምር የአየር ግፊት ስለሚቀንስ በእያንዳንዱ ትንፋሽ ወደ ሳንባ የሚገባው ኦክስጅን ያንሳል። በአንዲስ ተራሮች የሚኖሩ ሕዝቦች ይህን ጉድለት የሚያካክሱት በደማቸው ውስጥ ያለውን የሂሞግሎቢን መጠን በማሳደግ ነው። ይህ ደግሞ የራሱ ችግር አለው፤ ሂሞግሎቢን ከልክ ሲያልፍ ደም ይወፍራልና። በስሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ከፍታ ላይ በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት ግን ይህንኑ አላገኘም።»

ልጅቷ ጮክ ብላ ታነበዋለች። አንድም ቦታ አትደናቀፍም።

«ገባሽ?» ይላታል አባቷ።

«አዎ፣ አባዬ።»

«እሺ፣ ጥናቱ ያላገኘው ምንድን ነው?»

ትንሽ ዝም ትላለች። «ኦክስጅን ማነሱን?» ትላለች፤ ወዲያው ደግሞ «አይ፣ የደሙን መወፈር» ብላ ታርማለች።

ሁለቱም መልሶች አልተስተካከሉም፤ የተበላሹበት መንገድ ግን ለየቅል ነው፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ። አስቀድሞ መታየት ያለበት «አዎ» ያለችው ነገር ነው። ልጅቷ አልዋሸችም። በእርግጥ የገባት መስሏታል። «ገባሽ?» የሚለው ጥያቄ ከንቱ የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ያልገባው ሰው እንዳልገባው ማወቅ ራሱ ችሎታ ይጠይቃል፤ እኛ ደግሞ ገና ያላስተማርነውን ችሎታ አለሽ ብለን ነው የምንጠይቃት።

ኤለን ማርክማን የተባለች አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ተመራማሪ ይህን በ1970ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) በግልጽ አሳይታለች። ለአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች አጫጭር ጽሑፎችን ሰጠቻቸው፤ ጽሑፎቹ እርስ በርሳቸው የሚጣሉ ነበሩ። አንደኛው ስለ ዓሣ ነው፦ በውቅያኖስ ወለል ላይ ምንም ዓይነት ብርሃን የለም ይላል፤ ትንሽ ወረድ ብሎ እዚያው የሚኖሩ ዓሦች ምግባቸውን በቀለሙ ይለያሉ ይላል። ብርሃን ከሌለ ቀለም ከየት መጣ? ብዙዎቹ ልጆች፣ ስድስተኛ ክፍል የደረሱትም ሳይቀሩ፣ ምንም ችግር አልታያቸውም። እያንዳንዱን ዐረፍተ ነገር ለብቻው ተረድተውታል። ሁለቱን ጎን ለጎን አላቆሟቸውም እንጂ።

እኛ አዋቂዎቹም ከዚህ ነፃ አይደለንም። የቤት ኪራይ ውል ስንት ሰው ነው እስከ መጨረሻው «አንብቦ» የሚፈርመው?

ዓይናችን በጽሑፍ ላይ የሚንሸራተት ይመስለናል፤ የሚሄደው ግን እየዘለለ ነው። አንድ ቦታ ሩብ ሰከንድ ያህል ያርፋል፤ ይዘላል፤ እንደገና ያርፋል። በዚህ መሀል አእምሮ ያነበበውን ቃል በቃል አያከማችም፤ አይችልምም። ሐሳቡን ወስዶ ቃሉን ይጥላል። በአንድ ጊዜ በእጁ መያዝ የሚችለው ጥቂት ነገር ስለሆነ፣ አዲስ የመጣውን ከቀደመው ጋር ቶሎ ካላሰረው የቀደመው ይወድቅበታል። ጽሑፍ ይህን ማሰሪያ የሚያቀብለን በትንንሾቹ ቃላት ነው፦ «ይህ»፣ «ይህንኑ»፣ «እነዚያ»፣ «ግን»፣ «ስለዚህ»፣ ከግሥ ጫፍ ላይ የምትንጠለጠለዋ «ና»። ልጆቻችን መዝገበ ቃላት የሚገልጡት «ሂሞግሎቢን» ለሚለው ነው። የሚወድቁት «ይህንኑ» ላይ ነው፤ እሱን ደግሞ ማንም አይጠይቃቸውም፤ ሁሉም ያውቀዋላ!

በነገራችን ላይ፣ ጎበዝ አንባቢ ወደ ኋላ አይመለስም የሚባለው ሐሰት ነው። የሠለጠነ አንባቢ ዓይን ከሚያደርጋቸው ዝላዮች ከአሥሩ አንዱ ወይም ከዚያ በለጥ ያለው ወደ ኋላ ነው። በክፍል ውስጥ ግን የሚጨበጨበው ሳይቆም ላነበበው ነው። ልጁም ወደ ኋላ መመለስን የስንፍና ምልክት አድርጎ ይይዘዋል።

አሁን ወደ አንቀጹ። ከማንበቧ በፊት ምን ይነገራት? በጣም ጥቂት። ሂሞግሎቢን በቀይ የደም ሴል ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ነገር ነው፤ አንዲስ ደቡብ አሜሪካ ውስጥ ነው። አለቀ። ይህን መንፈግ አስተዋይነት አይደለም፤ ጽሑፉ አይነግራትምና። ጽሑፉ የሚነግራትን ግን አስቀድሞ መንገር ንባቡን መስረቅ ነው። «ይህ አንቀጽ የእኛ ሰዎች ከአንዲስ ሰዎች እንደሚለዩ ያስረዳል» ብሎ የጀመረ አባት ለልጁ የሚነበብ ነገር አላስቀረላትም።

ስለ ቀድሞ እውቀት ይህን ያህል የምጠነቀቀው ነገሩ ቀላል ስላልሆነ ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 ዶና ሬክትና ሎረን ሌስሊ የተባሉ ተመራማሪዎች 64 የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎችን ስለ ቤዝቦል ጨዋታ የሚተርክ ጽሑፍ አስነበቡ። ተማሪዎቹ በሁለት ነገር ተከፍለው ነበር፤ በንባብ ችሎታቸውና ስለ ጨዋታው ባላቸው እውቀት። ካነበቡ በኋላ የሆነውን በትንሽ ሞዴል ሜዳ ላይ አሻንጉሊቶችን እያንቀሳቀሱ እንዲያሳዩ፣ እንዲተርኩትና እንዲያሳጥሩት ተጠየቁ። ንባብ የሚቸግራቸው ነገር ግን ቤዝቦል የሚያውቁት ልጆች፣ ንባብ የሚችሉትን ነገር ግን ጨዋታውን የማያውቁትን በለጧቸው። እኛ ዘንድ በኦፍሳይድ ሕግ ላይ የተጻፈ አንድ ገጽ ብታመጡ፣ በአማርኛ ክፍለ ጊዜ ከኋላ ወንበር የሚተኛው ልጅ የክፍሉን አንደኛ ሊያስተምር እንደሚችል መገመት አያዳግትም። «ንባብ አይችልም» የሚባለው ልጅ ብዙ ጊዜ የጎደለው ስለ ጉዳዩ ማወቅ ነው ማለት ነው። እውቀት ግን በተራው ከየት ይመጣል? በአብዛኛው ከንባብ። ይህ ክብ የሚሰበረው ጥቂት እየነገሩ ብዙ በማስነበብ ነው፤ ብዙ እየነገሩ ጥቂት በማስነበብ አይደለም።

የመጀመሪያው ንባብ ዝም ብሎ ይለፍ፤ ማንም አይጠይቃት። ሁለተኛው ላይ እርሳስ ትያዝ። የአማርኛ ረጅም ዐረፍተ ነገር ባሕርይ አለው፤ ቋጠሮውን መጨረሻ ላይ ነው የሚፈታው። አራተኛውን ዐረፍተ ነገር እዩት። ከአሥራ አምስት የሚበልጡ ቃላት ተደርድረው የሚሆነውን የሚወስነው የመጨረሻው «አላገኘም» ነው፤ «አገኘ» ቢል ኖሮ ያ ሁሉ ሌላ ነገር ይሆን ነበር። ስለዚህ ልጅቷ ከጫፉ ትጀምር። «አላገኘም»። ማን? ጥናቱ። የምን ጥናት? በኢትዮጵያውያን ላይ የተደረገ። የትኞቹ ኢትዮጵያውያን? ስሜን ተራሮች፣ 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩት። ከፊት የተደረደረው ሁሉ «ጥናት» የምትለዋን ቃል የሚገልጽ ጭፍራ እንደሆነ በዚህ ይታያታል። ምንን አላገኘም? «ይህንኑ»።

እርሳሱ እዚህ ይቁም። ከ«ይህንኑ» ወደ ኋላ ቀስት ትሳል፤ የቀስቱ ጫፍ የት ይረፍ?

ኦክስጅን ማነሱ ላይ አሳረፈችው እንበል፤ የመጀመሪያ መልሷ እሱ ነበር። አባት «ተሳስተሻል» አይበል። «3,530 ሜትር ፔሩም ሆነ ስሜን ያው 3,530 ሜትር አይደለም?» ይበል። የአየር ግፊት በሰው አይለይም። በዚያ ከፍታ ግፊቱ በባሕር ወለል ካለው ሁለት ሦስተኛ ገደማ ነው፤ ለሁሉም። ጥናት በአንድ ሕዝብ ላይ «ላያገኘው» የሚችል ነገር አይደለም። ይህ ቀስት ጽሑፉ ራሱ አንደኛው ዐረፍተ ነገር ላይ ባለው «ስለሚቀንስ» ይወድቃል።

ወደ ደም መወፈሩ ከሳለችውስ? ይህ ብልህ ስሕተት ነው፤ አንድ ደረጃ ዘግይታለች እንጂ መንገዱን አልሳተችም። ደም የሚወፍረው ሂሞግሎቢን ሲያልፍ ነው። ታዲያ «ግን» የምትለዋ ቃል ማንን ከማን ጋር ነው ያጋጠመችው? የስሜኖቹን ከአንዲሶቹ ጋር። የአንዲሶቹ ምን ያደርጋሉ ነው የተባለው? ሂሞግሎቢን ያሳድጋሉ። እንግዲህ ጥናቱ በስሜን ሰዎች ደም ላይ ያላገኘው የሂሞግሎቢን ማደግን ነው፤ መወፈሩ መነሻ ስለሌለው አብሮ ይቀራል። ልጅቷ እዚህ ስትደርስ አብዛኛውን ጊዜ ፊቷ ላይ ታዩታላችሁ። ከዚያ ሳይጠይቋት የምትጠይቀው ይመጣል፦ «ታዲያ እነሱ በምን ያካክሱታል?»

አንቀጹ አይመልስም። ይህን ማየት፣ ማለትም ጽሑፉ የት ጋ እንደሚያበቃ ማወቅ፣ ከንባብ ሥራዎች ሁሉ ትልቁ ይመስለኛል። የስሜኑን ጥናት ያደረጉት ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ ሌላም ያዩት ነገር አለ፦ የነዚህ ሰዎች ደም የሚሸከመው ኦክስጅን መጠን በመቶኛ ሲለካ ባሕር ጠረፍ ከሚኖር ሰው ብዙም አልራቀም። እንቆቅልሹ ጠነከረ እንጂ አልተፈታም። ልጅቷ ይህን ከሰማች በኋላ ሌላ ጽሑፍ ፍለጋ ብትነሳ አይገርመኝም።

አንዳንድ መምህር «ይህማ ጊዜ ይፈጃል» ይላል። አዎ ይፈጃል። አራት ዐረፍተ ነገር ሃያ ደቂቃ ወሰደ። ታዲያ ሁሉ ነገር እንዲህ ይነበብ ያለ የለም። ልብ ወለድ እንዲህ የሚያስነብብ ሰው ልጁን ከመጽሐፍ ያጣላል። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን የያዘ ልጅ ገጹን እየገለበጠ ይሩጥ፤ አትንኩት። በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ፣ ከባድና ለመፋቅ የሚበቃ አንድ አንቀጽ ይበቃል።

አጉል የሚባክነው ጊዜ ሌላ ቦታ ነው። በብዙ ትምህርት ቤቶች የሚሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ መምህሩ መጽሐፉን ቤቱ አንብቦ፣ አሳጥሮ፣ ሰሌዳ ላይ «ኖት» አድርጎ ይጽፈዋል። ተማሪው ይገለብጣል። ፈተናው ከኖቱ ይወጣል። በዚህ ሁሉ መጽሐፉን ያነበበው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ዲግሪ አለው። መምህሩ ክፋት አስቦ አይደለም፤ ስልሳ ተማሪ፣ አርባ ደቂቃ፣ የማያልቅ ምዕራፍ አለበት። ውጤቱ ግን ያው ነው።

ጥያቄዎቹም ቢሆኑ የጥፋቱ ተባባሪ ናቸው። ይህችን ዐረፍተ ነገር አንብቡ፦ «ድርቅሞው ዝልጉጡን በመሸንፈግ ያመረቅላል።» አንድም ትርጉም የላትም፤ አሁን የፈጠርኳት ናት። ጥያቄ፦ ድርቅሞው ዝልጉጡን የሚያመረቅለው በምንድን ነው? መልስ፦ በመሸንፈግ። አሥር ከአሥር! አሁን «በአንዲስ ተራሮች የሚኖሩ ሕዝቦች ጉድለቱን የሚያካክሱት በምንድን ነው?» የሚለውን ጥያቄ አስቡት። ከዚህ በምን ይለያል? ተማሪዎቻችን ይህን ዓይነት ጥያቄ በደንብ ሠልጥነውበታል፤ አንቀጹን ሳያነቡ ጥያቄውን ያነቡና ተመሳሳይ ቃል ያድናሉ። መድኃኒቱ በጽሑፉ ውስጥ ተጽፎ የማይገኝ፣ ያለ ጽሑፉ ግን የማይመለስ ጥያቄ ነው፦ «አንድ የአንዲስ ሰውና አንድ የስሜን ሰው ደማቸው ቢመረመር ሐኪሙ በምን ሊለያቸው ይችላል?» ወይም፣ «ሦስተኛው ዐረፍተ ነገር ቢወጣ ምን ይጎድላል?» ሁለተኛዋን በጣም እወዳታለሁ፤ ለማንኛውም ጽሑፍ ትሆናለች።

ይህ ሁሉ ከውጭ የመጣ ዘዴ የሚመስለው ሰው ካለ፣ መጽሐፍ ቤት ጎራ ይበል። የአብነቱ የትርጓሜ ጉባኤ ይህን ሥራ ከጎንደር ዘመን ጀምሮ ያውቀዋል። ንባቡ ቃል በቃል ይሰማል፤ በነጠላው ይፈታል፤ ከዚያ መምህሩ «አንድም» እያለ ሌላውን፣ ደግሞም ሌላውን ያመጣል። «ስለምን ቢሉ» እያለ አንባቢው ሊያነሣው የሚገባውን ጥያቄ ራሱ ያነሣል፤ ታሪክ ይጠቅሳል፤ ሐተታ ያክላል። ላይ ቤትና ታች ቤት ተብሎ በሁለት እስኪከፈል ድረስ የተከራከሩበት ሙያ ነው። ነጠላውን ሳያደላድሉ ወደ ምሥጢር አለመዝለል፣ አንድ ንባብ ከአንድ በላይ ፍቺ ሊሸከም እንደሚችል መቀበል፣ ተቃውሞን አስቀድሞ ማንሣት፤ ዘመናዊው ትምህርት ቤት ከጎረቤቱ ሊዋሰው የሚገባ ይህን ነው። አንድ ነገር ግን አልዋሰውም፤ ተማሪው ጥያቄውንም መልሱንም አብሮ በቃሉ ይይዛል። ቅርስን ለማቆየት ግሩም ነው፤ ያልታየ ጽሑፍ ፊት ለፊት ሲመጣ የራስን «ስለምን ቢሉ» ማውጣት ግን ሌላ ልምምድ ይፈልጋል።

ያልታየ ጽሑፍ ስል፣ ካምብሪጅ ውስጥ በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አይ. ኤ. ሪቻርድስ የሚባል መምህር ግጥሞችን የገጣሚዎቹን ስም ደብቆ ለተማሪዎቹ ይሰጥና አስተያየታቸውን በጽሑፍ ይቀበል ነበር። በ1929 ውጤቱን አሳተመ። ያ ሁሉ የተመረጠ ተማሪ ግጥሙ ምን እንደሚል እንኳ በቀላሉ ሲስት ታየ፤ ስሙ ሲደበቅ የሚያደንቁትን አጡ። አሥረኛ ክፍል ላይ ያለችው ልጃችን ብቻዋን አይደለችም።

ስልሳ ተማሪ ያለበት ክፍልስ? እዚህ ላይ የምመክረው አኔማሪ ፓሊንሳርና አን ብራውን እ.ኤ.አ. በ1984 ያሳተሙትን ነው። ቃላቱን አጥርተው የሚያነቡ፣ የሚረዱት ግን ጥቂት የሆነ የሰባተኛ ክፍል ልጆችን በትንንሽ ቡድን አስቀመጡ፤ ልጆቹ በየአንቀጹ እየተፈራረቁ መምህር ሆኑ። ባለተራው አራት ሥራ አለው፦ ጥያቄ ያወጣል፣ ያሳጥራል፣ የከበደውን ቦታ ለይቶ ያጠራል፣ ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ይገምታል። ከሳምንታት በኋላ ልጆቹ በግልጽ ተሻሽለው ተገኙ። እኛ «አንድ ለአምስት» የሚባል አደረጃጀት አለን፤ ቅርጹ ለዚህ የተሰፋ ይመስላል። ነገር ግን ብዙ ጊዜ እዚያ ውስጥ «አንዱ» ጎበዝ ሲያስረዳ አምስቱ ያዳምጣሉ፤ ማለትም የኖቱ መምህር በትንሹ ተደገመ። ወንበሩ መዞር አለበት። ደካማው ተማሪ ተራው ሲደርሰው ቡድኑ ይንቀራፈፋል፤ ይንቀራፈፍ!

ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው፤ ወላጁም ብዙውን ጊዜ እዚህ ላይ እጁን ይሰጣል። ሥራው ግን ያው ነው፤ እርሳሱ የሚነሣበት ቦታ ብቻ ይለወጣል። በእንግሊዝኛ ግሡ ባለቤቱን ተከትሎ ቶሎ ስለሚመጣ ፍለጋው ከፊት ይጀምራል። ቀስቱ፣ «ማን?»፣ «የቱን?» አይለወጡም፤ ክርክሩም በቤት ቋንቋ ቢሆን ምንም አይደለም፤ መልሱን በእንግሊዝኛ መጻፉ ይከተላል።

ፊዚክሱን የማያውቅ፣ እንግሊዝኛውን የማያነብ አባትም ቢሆን ከጠረጴዛው መነሣት የለበትም። እንዲያውም አስረጂ መሆን ስለማይችል ከዩኒቨርሲቲ ምሩቁ ጎረቤቱ የተሻለ ጠያቂ ሊሆን ይችላል። ሦስት ጥያቄ ይበቃዋል። «ይሄ ነገር ምን እያለ ነው፣ እስቲ በአማርኛ ንገሪኝ።» ስትነግረው፣ «የቱ ጋ ነው እንደዚያ ያለው? ጣትሽን አድርጊበት።» ጣቷ ካረፈበት በኋላ፣ «ከሱ በላይ ካለው ጋር ይስማማል?» ጣቷ ገጹ ላይ ወዲያ ወዲህ ሲል ዝም ብሎ ይጠብቅ፤ ሻዩ ቢቀዘቅዝም መልሱን አይንገራት።